ከድሬዳዋ ወደ ታዒዝ ደጋ፦ የጉድጓድ ፓምፕ ጥገና ዕቃ ዝግጅት፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

1ኛ ቀን፦ የሥራው ልክ

በየመን፣ ከታዒዝ ከተማ በላይ ባለ ደጋ፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ሥራ አቁሟል። ፓምፑ የተንጠለጠለው 150 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ሞተሩ ባለ 4 ኢንች፣ 4 ኪሎዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ነው። እስካሁን በናፍጣ ጀነሬተር ይሠራ ነበር፤ አሁን ወደ ሶላር ይዞራል። ከድሬዳዋ አራት ባለሙያዎች እንደ ውጭ አገር ኮንትራክተር ይሄዳሉ። መኪናው፣ ሾፌሩና የጉልበት ሠራተኛው ከዚያው አገር ነው። ፓኔሉ ኤደን ላይ ይገዛል። ከእኛ ወርክሾፕ የሚወጣው ማንሻው፣ ኬብሉ፣ የፓኔሉን አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ (ዲሲ) ለሞተሩ ወደሚሆን ተለዋዋጭ (ኤሲ) የሚለውጠው ኢንቨርተርና የመለኪያው ዕቃ ነው። የመንደሩን ስም እዚህ አንጽፍም። የት እንደሚሠራ ማወቅ ያለበት የሚሠራው ሰውና የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው።

ሁሉም ነገር እዚሁ ተገጥሞ፣ ተፈትኖ፣ ተፈትቶ መሄድ ያለበት በመንገዱ ምክንያት ነው። ከኤደን ወደ ታዒዝ ከተማ ጦርነቱ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዋናውን መንገድ ሲዘጋው፣ ለዓመታት ከተማዋን ያኖራት ሀይጀት አልዓብድ የሚባለው ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ነው። ጠባብ ነው፣ ገደል አለው፣ የጭነት መኪና ይገለበጥበታል። ከከተማው ወደ ምሥራቃዊ ዳርቻዋ ወደ ሀውባን የሚወስደው ዋና መንገድ የተከፈተው በሰኔ ወር 2024 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ስለሚችል የጎደለች አንዲት ብሎን ሥራውን ለሳምንት ልታቆመው ትችላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይኸው ነው፦ እዚያ ይገዛል ተብሎ የሚተው ዕቃ ከፓኔል፣ ከሲሚንቶና ከናፍጣ በቀር የለም።

ሁለተኛው ደንብ ደግሞ የድሬዳዋ ሙቀት ያታልላል የሚል ነው። እዚህ 1,200 ሜትር ላይ፣ በ35 ዲግሪ የሚሠራ ዕቃ ደጋ ላይ ሲወጣ ጠባዩ ይለወጣል። ይህ ማስታወሻ ደጋግሞ የሚመለሰው ወደዚሁ ነው።

2ኛ ቀን፦ ክብደት

ፓምፕ ለማውጣት ምን ያህል እንደሚነሳ ሳይሰላ ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ) አይገዛም። የ2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ በሜትር 5 ኪሎ ገደማ ነው። 150 ሜትሩ 25 ቱቦ ነው፣ 750 ኪሎ ይሆናል። ፓምፕና ሞተር አንድ ላይ 45 ኪሎ፣ ኬብሉ 75 ኪሎ ያህል። እዚህ ድረስ 870 ኪሎ ነው፤ ብዙ ሰው እዚሁ ያቆምና ባለ 1 ቶን ፓራንኮ ይዞ ይሄዳል።

የተረሳው ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ከፓምፑ በላይ ያለው የማይመልስ ቫልቭ በደንብ የሚይዝ ከሆነ ቱቦው ከታች እስከ ላይ ሙሉ ነው። በሜትር 2.2 ሊትር ገደማ ሲሰላ 330 ኪሎ ይጨመራል። ድምሩ 1,200 ኪሎ። ጉድጓዱ ውስጥ ደለል ገብቶ ፓምፑን ጨብጦ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጉተታ ከዚህም ይከብዳል። ባለ 2 ቶን ተወሰደ።

የፓራንኮው ሰንሰለትም ወጥመድ አለበት። ሱቅ ላይ ያለው አብዛኛው የሚያነሳው 3 ሜትር ብቻ ነው። አንዱ ቱቦ 6 ሜትር ስለሆነ መሀል ላይ አንጠልጥሎ እንደገና መያዝ ይጠይቃል፤ በጉድጓድ ሥራ አደጋ የሚመጣው ደግሞ እንዲህ ባለው ደጋግሞ መያዝና መልቀቅ ላይ ነው። ሰንሰለቱ 8 ሜትር እንዲሆን ታዝዞ ተሠራ።

የቱቦ መያዣው ሁለት ጥንድ ነው፤ ትርፍ ተደርጎ አይታይም። አንዱ ኬሲንጉ (ጉድጓዱን ከውስጥ የሚደግፈው ቱቦ) አፍ ላይ ተቀምጦ ጭነቱን ሳይቀበል ሌላው አይላላም። ከዚህ ሌላ 12 ሚሊሜትር ናይለን ገመድ ከፓምፑ ጆሮ እስከ ላይ ይወርዳል። ገመዱ 1,200 ኪሎ አያነሳም፤ ፓምፑ ከቱቦው ቢላቀቅ ግን ለማጥመድ መነሻ ይሆናል።

3ኛና 4ኛ ቀን፦ ሦስት እግር

ባለ 6 ሜትር ቱቦ ለማውጣት መንጠቆው ከኬሲንጉ በላይ ቢያንስ 6.5 ሜትር መድረስ አለበት። የፓራንኮው ቁመት ሲጨመር እግሩ 8 ሜትር ይሆናል። 8 ሜትር ብረት ግን በፒክአፕ አይሄድም፣ ኮረብታ ላይ በአህያም አይወጣም። እያንዳንዱ እግር ለሁለት ተከፈለ፦ 4 ሜትርና 4 ሜትር፣ መሀሉ ላይ የሚሰካ። አንዱ ቁራጭ 34 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው ተሸክሞት ይወጣል።

የቱቦው ውፍረት ላይ ክርክር ነበር። 2 ኢንች ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ነገር ግን በ8 ሜትር ርዝመት 2 ኢንች ቱቦ በስሌት 860 ኪሎ ገደማ ላይ ይታጠፋል፤ አንዱ እግር የሚሸከመው ደግሞ በሥራ ጊዜ ከ400 ኪሎ በላይ ነው። እጥፍ ብቻ የሆነ መተማመኛ መሀሉ ላይ መገጣጠሚያ ላለው እግር አይበቃም። ሰው ከሥሩ ይቆማል። 3 ኢንች ተመረጠ፤ እሱ በስሌት ከ3 ቶን በላይ ይችላል።

መገጣጠሚያው የመጀመሪያው ቀን አልሆነም። 60 ሴንቲሜትር የ2 ኢንች ተኩል ቱቦ እንደ ውስጠኛ እጅጌ ተደረገ። የውጭ ስፋቱ 76 ሚሊሜትር ነው፣ የ3 ኢንቹ ውስጥ ደግሞ 81 ገደማ። በመሀሉ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ቀረ። እጅ ላይ ሲያዝ ምንም አይመስልም። እግሩ ሲቆም ግን መሀሉ ጎበጥ አለ፤ ጎበጥ ያለ እግር ጭነት ሲመጣበት ይበልጥ ይጎብጣል።

መፍትሔው፦ ባለ 2 ሚሊሜትር ላሜራ በ3 ሴንቲሜትር ስፋት ተቆርጦ፣ በእጅጌው ዙሪያ አራት ቦታ በርዝመቱ ተበየደ። 76 የነበረው 80 ሆነ። ብየዳው ነጥብ ነጥብ ሆኖ በየ10 ሴንቲሜትሩ ተደረገ፤ ሙሉውን ከበየዱት ላሜራው በሙቀት ይሳባል፣ እጅጌው ይጣመማል፣ አይገባም። ከዚያ በ16 ሚሊሜትር ብሎን ሁለት ቦታ ተበስቶ፣ በዳዶና በሮንዴላ ተያዘ። ብሎኖቹ እጅጌውን እንዳይወጣ ይይዛሉ እንጂ ጭነት አይሸከሙም፤ የላይኛው ቱቦ በታችኛው ላይ ጠርዝ ለጠርዝ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ቱቦው የሚቆረጠው በቶርኖ ቀጥ ተደርጎ ነው። በእጅ ፍሌክስ ከተቆረጠ አንዱ ጎን ብቻ ይነካል።

ፍተሻ፦ 30 ኬሻ ሲሚንቶ፣ 1,500 ኪሎ፣ በብረት መድረክ ላይ ተደርድሮ ከመሬት 20 ሴንቲሜትር ተነሳ። ለአንድ ሰዓት ተንጠልጥሎ ቆየ። ከላይ እስከ ታች ክር ተወጥሮ የእግሮቹ ጎባጣ ሲለካ 6 ሚሊሜትር ነበር፤ ሲወርድ ወደ ቦታው ተመለሰ። ተመልሶ የማይቀና ቢሆን ኖሮ ብረቱ ይጣል ነበር። እግሮቹ ከታች እንዳይንሸራተቱ በሰንሰለት ተያያዙ፤ ከመሀል እስከ እያንዳንዱ እግር 2.2 ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ለኋላ ይፈለጋል።

5ኛ ቀን፦ ኬብል

160 ሜትር፣ አራት ሽቦ፣ 6 ሚሊሜትር ስኩዌር። 4 ሚሊሜትሩ በ10 አምፔር የሚጥለው ቮልት 3 በመቶ አፋፍ ላይ ነው፤ 6ቱ 2 በመቶ አካባቢ ይጥላል። ባለ 200 ሜትር ጥቅል ይገዛል። ሁለት ባለ 100 ሜትር ጥቅል ከተገዛ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጆይንት ይኖራል፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ጆይንት ሁሉ የወደፊት ብልሽት ነው።

በድሬዳዋው ታይዋን ገበያም ሆነ ከዚያ ውጭ የሚሸጥ ኬብል ላዩ ላይ የተጻፈውን መዳብ ሁልጊዜ አይዝም። ሽፋኑን ወፍራም አድርጎ ሽቦውን ማቅጠን የተለመደ ነው። ተራ ሜትር እንዲህ ያለውን ትንሽ ኦም በትክክል አያነብም። ከዚህ የሚሻል፦ 12 ቮልት ባትሪ፣ የመኪና የፊት መብራት አምፑልና የኬብሉ አንድ ሽቦ በአንድ መስመር ይያያዛሉ። በዲሲ ክላምፕ ሜትር አምፔሩ፣ በሜትር ደግሞ በሽቦው ሁለት ጫፍ መካከል ያለው ቮልት ይነበባል። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ኦሙ ይወጣል።

የ6 ሚሊሜትር መዳብ ሽቦ በኪሎሜትር ከ3.3 ኦም መብለጥ የለበትም፤ 200 ሜትር ሲሆን 0.66። ያ ግን በ20 ዲግሪ ነው። በ35 ዲግሪ 0.70 ይፈቀዳል። የመጀመሪያው ጥቅል 3.8 አምፔር ሲሄድበት 3.65 ቮልት አሳየ፣ 0.96 ኦም። ይህ ማለት ውስጡ ያለው መዳብ 4.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ተመለሰ። ሁለተኛው 4 አምፔር ላይ 2.75 ቮልት አሳየ፤ ተወሰደ። አራቱም ሽቦ ተለክቷል፤ አንዱን ብቻ ለክቶ መተው ሞኝነት ነው።

7ኛ ቀን፦ የፓኔሉ ቁጥር፣ የዚህ ሁሉ ዝግጅት እምብርት

ፓኔሉ 550 ዋት ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው፦ ሥራ ላይ ሲሆን 41.8 ቮልት፣ ክፍት ሲሆን፣ ማለትም ምንም ጭነት ሳይኖርበት፣ 49.8 ቮልት። ኢንቨርተሩ መቋቋም የሚችለው ከፍተኛ የዲሲ ቮልት 800 ነው። ጥያቄው ስንት ፓኔል በአንድ መስመር ይያያዝ ነው።

በድሬዳዋ ልማድ መልሱ 16 ነው። ምክንያቱም እዚህ ቀትር ላይ የፓኔሉ ሴል 65 ዲግሪ ይደርሳል። ሥራ ላይ ያለው ቮልት ከ25 በላይ ባለው በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ 14ቱ ፓኔል በወረቀት 585 ሆኖ መሬት ላይ 503 ይሰጣል። 380 ቮልት ሞተር ሙሉ ፍጥነቱን ለማግኘት ወደ 540 ይፈልጋል። ቆላ ላይ የለመደ ቴክኒሻን ሁለት ፓኔል ይጨምራል፤ ሞተሩ ይሠራል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል።

16ቱ ክፍት ሲሆኑ በ25 ዲግሪ 797 ቮልት ናቸው። ከ800 በታች ነው ብሎ የሚፈርም አለ። ደጋ ላይ ግን ንጋት 5 ዲግሪ ነው። ክፍት ቮልቱ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር 0.27 በመቶ ይጨምራል፤ በ20 ዲግሪ ልዩነት 5.4 በመቶ ነው። 797 የነበረው 840 ይሆናል። ፀሐይ ተራራውን አልፋ ፓኔሉ ላይ ስታርፍ ሞተሩ ገና ስላልተነሳ ቮልቱ ክፍት ነው። ኢንቨርተሩ የሚቃጠለው ጉድጓዱ ጋ ሰው ሳይኖር፣ ገና በጠዋቱ፣ በቀዝቃዛው ሰዓት ነው። ቴክኒሻኑ ደርሶ ሲያየው ቀኑ ሞቋል፣ ቮልቱ ወርዷል፣ ምክንያቱ አይገኝም። መብረቅ ነው ይባላል።

14 ፓኔል፦ በ25 ዲግሪ 697፣ በ5 ዲግሪ 735፣ በ0 ዲግሪም 744። ደጋው ላይ ቀትር ሴሉ 45 ዲግሪ ቢሆን ሥራ ላይ 544 ይሰጣል። ልኩ ይኸው ነው። 15 ማድረግ ይቻላል ያለ ነበር፤ በ0 ዲግሪ 797 ይሆናል። 3 ቮልት መተማመኛ ሆኖ አይቆጠርም።

ኢንቨርተሩም በከፍታ ይደክማል፤ አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዝ ይሳነዋል። ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ይቀነስ የሚለው የአምራቾች የተለመደ ደንብ ነው። 2,400 ሜትር ላይ 14 በመቶ። ለ4 ኪሎዋት ሞተር 5.5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ተወሰደ፤ ሲቀነስ 4.7 ይቀራል። ከኢንቨርተሩ እስከ ሞተሩ ያለው ኬብል ረጅም ስለሆነ ማጣሪያ ሪአክተር በመውጫው ላይ ይገጠማል። ያለ እሱ የቮልት ነጸብራቅ የሞተሩን ሽፋን በወራት ውስጥ ይበላዋል።

መጠባበቂያ ጀነሬተሩ እዚያው ይከራያል። 10 ኬቪኤ ይበቃል እንዳትሉ። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ ቢያንስ 15 ኬቪኤ ይጠየቅ።

8ኛ ቀን፦ ደንገጎ

ስሌት በወረቀት ያምራል፤ ድሬዳዋ ደግሞ ከአጠገቧ ዳገት አላት። ሁለት ፓኔል በፒክአፕ ተጭኖ በሌሊት ደንገጎ ተወጣ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሴሉ ሙቀት 14 ዲግሪ ሲያሳይ፣ አንዱ ፓኔል ክፍት 50.9 ቮልት ሰጠ። ያው ፓኔል በማግስቱ ቀትር ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለው ወርክሾፕ ግቢ ውስጥ፣ ሴሉ 62 ዲግሪ ሲሆን፣ 44.8። ልዩነቱ 6.1 ቮልት ነው፤ በ14 ሲባዛ 85 ቮልት። ከድሬዳዋ እስከ ደንገጎ ያለው ዳገት በመኪና ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፣ 85 ቮልት ግን በውስጡ አለ።

ሴሉ የሚለካው ከጀርባ፣ መሀሉ ላይ፣ ቴርሞሜትሩን በፎይል ፕላስተር ለጥፎ ነው። ከፊት በጨረር ቴርሞሜትር የሚለካ ሰው የሚያነበው የሰማዩን ነጸብራቅ ነው።

9ኛ ቀን፦ ጆይንትና ኮኔክተር

ኬብሉ ከሞተሩ ጅራት ጋር የሚያያዝበት ቦታ ውሃ ውስጥ ነው። ጆይንቱን የሚያሽግ ሬዚን (ፈስሶ የሚጠጥር ሙጫ) ያለው ኪት እዚህ ግቢ ውስጥ በ36 ዲግሪ ሲሞከር በፍጥነት ጠጠረ፤ ሻጋታው ሳይሞላ መሀሉ ላይ አረፋ ቀረ። ደጋ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ በቅዝቃዜ ሳይደርቅ ይውላል። እዚህ ጥላ ውስጥና በቀዘቀዘ ሬዚን፣ እዚያ ደግሞ ከረጢቱ በሰው ብብት ሥር ለብ ብሎ ይሠራ። ለማንኛውም ውስጡ ሙጫ ያለበት ሽሪንክ (በሙቀት የሚጨበጥ ሽፋን) 12 ተይዟል፤ ሦስት ጆይንት ይበቃል፣ የቀረው ለመሳሳት ነው።

ሙከራው፦ ጆይንቱ በርሜል ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ያድራል። ከዚያ በሜገር (የሽፋን ጥንካሬ መለኪያ) 500 ቮልት በሽቦውና በውሃው መካከል ይለካል። ከመጀመሪያዎቹ አራት ጆይንት አንዱ ወደቀ። ተከፍቶ ሲታይ ሽፋኑ ላይ የጣት ቅባት ነበር፤ በአልኮል ሳይጠረግ ተሠርቷል። እዚያ ሲደረስ ለሚወጣው አሮጌ ሞተር መለኪያው ይህ ይሁን፦ ጉድጓድ ውስጥ እያለ ከ2 ሜጋ ኦም በላይ እንደ አዲስ ነው። ከ0.5 እስከ 2 ይሠራል። ከ0.5 በታች ሽፋኑ ተጎድቷል፣ ይወጣል። ከ0.02 በታች ከሆነ ሞተሩ ወይም ኬብሉ ሞቷል።

የፓኔል ኮኔክተር ኤምሲ ፎር 40 ጥንድ፣ ከአንድ አምራች። የሁለት አምራች ወንድና ሴት ሲጋቡ ይገባሉ፣ ቀጭ ይላሉ፣ ከወራት በኋላ ይቀልጣሉ። ኤደን ላይ የሚገዛው ፓኔል ጫፍ ላይ ያለው የሌላ አምራች ከሆነ ሁለቱም ተቆርጠው ይቀየራሉ። ማብሪያ ማጥፊያው የዲሲ ይሁን፣ 1,000 ቮልት የተጻፈበት። ዕቃ በጠፋበት አገር በጣም የሚታየው የእሳት መነሻ የኤሲ ብሬከር በዲሲ መስመር ላይ መግጠም ነው፤ የዲሲ ብልጭታ በራሱ አይጠፋም። ጭነት ላይ ያለ ኮኔክተርም በእጅ አይነቀልም።

11ኛ ቀን፦ ውልና ወረቀት

ውል ላይ መፈለግ ያለባቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ግን ከደመወዙ ይቀድማሉ። ኢንሹራንሱ ጦርነትን ከሽፋን ያወጣል ወይስ ያካትታል? ብዙዎቹ ያወጣሉ፤ ስለዚህ የጦርነት ስጋት በግልጽ በጽሑፍ ይግባ። የቆሰለ ሰው ከየት ተነስቶ የት ይወሰዳል፣ ማን ይከፍላል? መንገድ ተዘግቶ ሥራ የሌለበት ቀን ይከፈላል? ሥራ ይቁም የማለት ሥልጣን የማን ነው? መልሱ ቦታው ላይ ያለው ሰው ካልሆነ አይፈረም። ፓስፖርት ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ ቅጂው ለአሠሪው ይበቃዋል።

ዋናው ሥራ ሰጪ የአሜሪካ መንግሥት በሆነበት ውል የ1941ዱ (እ.ኤ.አ.) የዲፌንስ ቤዝ አክት ሕግ የውጭ ዜጋ ሠራተኛንም ይሸፍናል። ይህ ውል የዚያ ዓይነት አይደለም፤ ሌላ ቦታ ለሚቀጠር የድሬዳዋ ልጅ ግን ሊያውቀው የሚገባ ነው። ስንቱ ተጎድቶ መብቱን ሳያውቅ ተመልሷል።

የውሃ ሥራ በሕግም የራሱ ከለላ አለው። በ1977ቱ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል ሁለት፣ አንቀጽ 14፣ የመጠጥ ውሃ ተቋምና የመስኖ ሥራ ለሲቪሉ ሕልውና የግድ ከሚያስፈልጉት መካከል ቆጥሮ እንዳይጠቃ ይከለክላል። ያ ከለላ እንዳይደበዝዝ ቡድኑም የራሱን ያድርግ፦ የወታደር ካምፕ ጀነሬተር አይጠገንም፣ መሣሪያ የያዘ ሰው በሥራ መኪና አይሳፈርም፣ ወታደራዊ ቀለም ያለው ልብስና ቦርሳ ከዚህ ጀምሮ አይያዝም። ድሮንና የሩቅ ማያ መነጽር አይታሰብም። እንዲህ ጥብቅ መሆን የበዛ አይምሰላችሁ፤ አንድ ጊዜ እሺ የተባለ ሁለተኛ ጊዜ እንቢ አይባልም።

የዕቃ ዝርዝሩ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ፣ በስድስት ቅጂ ተሠራ። የእያንዳንዱ መለኪያና ሬዲዮ ሴሪያል ቁጥር ከአምራቹ ስም ጎን አለ። ሬዲዮ፣ ጂፒኤስና ትልቅ ባትሪ ለጦርም የሚያገለግል ዕቃ ተብሎ ስለሚፈተሽ ለብቻው ሳጥን ውስጥ፣ ከላይ ተቀምጧል። የተደበቀ የሚመስል ዕቃ ሙሉውን ጭነት ያስይዛል።

12ኛ ቀን፦ ፈንጂ

ይህ ክፍል ረዘም ቢል አይከፋም። የካራማራን አካባቢ የሚያውቅ የሐረርጌ ሰው የተቀበረ ፈንጂ ጦርነቱ ካለቀም በኋላ እንደሚቆይ ያውቃል። የመን ላይ ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ገና አልጠራም። ተራራ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፦ ክረምት ጎርፍ ፈንጂን ከዳገት አንሥቶ ወደ ሸለቆና ወደ እርከን ያወርዳል። አምና የተጠረገ ቦታ ዘንድሮ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ከሥራችን ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ፈንጂ አምካኞች ለጉድጓዱ የሚሰጡት ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ መንገዱንና የጉድጓዱን አፍ ይሸፍናል። የእኛ ማንሻ እግር ግን ከመሀል 2.2 ሜትር ላይ ያርፋል። 25 ቱቦ ወጥቶ የሚደረደርበት ቦታ ይፈልጋል፣ ስምንት ሜትር በአራት። 14ቱ ፓኔል ከእግረ መንገዱ ጋር 50 ካሬ ሜትር ይይዛሉ፤ ለእነሱ መቆሚያ ደግሞ መሬት 60 ሴንቲሜትር ይቆፈራል። ስለዚህ የሚጠየቀው ማረጋገጫ በንድፍ ይሁን፦ እግሩ የት፣ ቱቦው የት፣ ጉድጓዶቹ የትና ስንት ጥልቀት። ላዩን የተፈተሸ መሬት ለመቆፈር ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ንድፉ ዛሬ ተሥሎ ተልኳል፤ መልሱ በጽሑፍ ሳይመጣ አካፋ አይነሳም።

ትናንሽ ነገሮች፦ አራት የእንጨት የጎማ ታኮ ከዚህ ተሠርቶ ይሄዳል፤ ሾፌር ዳገት ላይ ሲቆም ከመንገድ ዳር ድንጋይ ሊያነሳ እንዳይወርድ። መኪና ለማዞር ጥርጊያው ዳር አይወጣም፣ ወደ ኋላ ይኬዳል። ለሽንት ከድንጋይ ኋላ አይኬድም። ሁሉም የቡድኑ አባል “ኸጠር” እና “አልጋም” የሚሉትን ሁለት የዓረብኛ ቃላት በጽሑፍ ጭምር ለይቶ እንዲያውቅ በካርቶን ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አደጋ፣ ፈንጂ ማለት ነው። ድሬዳዋና ሐረር ዓረብኛ የሚያነብ ሰው አይጠፋም፤ አንድ ሽማግሌ ለሁለት ሰዓት አስነብበዋል።

የደም ማቆሚያ ማሰሪያ ለአንድ ሰው ሁለት፣ ከሳጥን ውስጥ ሳይሆን ከቀበቶ ላይ። የታሰረበት ሰዓት ግንባር ላይ ይጻፋል።

13ኛ ቀን፦ ሰዓትና ገንዘብ

ድሬዳዋና ታዒዝ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፣ አቆጣጠሩ ግን ስድስት ሰዓት ይለያያል። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለውን እነሱ 8 ይሉታል። የሬዲዮ ጥሪ “በ2 ሰዓት” ተብሎ ከተያዘ አንዱ ወገን ጠዋት፣ ሌላው ከቀትር በኋላ ይጠብቃል። በግጭት ቦታ ያልተመለሰ ጥሪ ደግሞ ፍለጋ ያስነሳል። ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ወረቀት ላይ በሙሉ ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ። ጥሪ 07:00፣ 12:00 እና 17:00።

ከቀትር በኋላ እዚያ የጫት ሰዓት ነው፤ በርጫን ለሚያውቅ የድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የጉልበት ሠራተኛው ይቀንሳል፣ ኬላ ላይ ያለውም ሰው ጠባዩ ይለወጣል። ስለዚህ ቱቦ ማውጣት 06:30 ተጀምሮ 12:00 ላይ ይቆማል። አንድ ቱቦ ለመፍታት 12 ደቂቃ ይበቃል፤ 25ቱ 5 ሰዓት። ያላለቀ ቱቦ መያዣው ላይ ተቆልፎ ያድራል፣ ሰንሰለቱ ላይ አያድርም።

የየመን ሪያል ሁለት ነው ብሎ መያዝ ይቀላል። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ ሰንዓ ያሉት ባለሥልጣናት ኤደን ያለው ማዕከላዊ ባንክ ያሳተመውን አዲስ ኖት ከልክለዋል፣ ምንዛሪውም በጣም ተራርቋል። ታዒዝ ደግሞ ራሷ ተከፍላለች። ከሰንዓው ወገን ለሚመጣ ዕቃ አቅራቢ ዋጋ ሲጠየቅ በየትኛው ኖት እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።

15ኛ ቀን፦ ጭነት

አምስት ሳጥን፣ ስድስት የእግር ቁራጭ፣ አንድ ጥቅል ኬብል። ሳጥን አንድ ፓራንኮና መያዣ። ሳጥን ሁለት ኢንቨርተር፣ ሪአክተር፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በስፖንጅ። ሳጥን ሦስት የእጅ መሣሪያ፦ የቱቦ ቁልፍ 36 ኢንች ሁለት፣ 24 ኢንች አንድ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትንሽ ሞርሳ፣ ማኒኮቶ 2 ኢንች ስምንት፣ ብሎንና ዳዶ በየመጠኑ 20 በመቶ ትርፍ። ሳጥን አራት ሬዲዮና መለኪያ። ሳጥን አምስት የሕክምና ዕቃና የጎማ ታኮ። የመሣሪያ ባትሪዎቹ 18 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት፣ 90 ዋት ሰዓት ናቸው፤ ከ100 በታች ስለሆኑ ባለሙያዎቹ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ይይዟቸዋል። የቀረው በመኪና 220 ኪሎሜትሩን የደወሌ መንገድ ይዞ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኤደን።

ከመታሸጉ በፊት ኢንቨርተሩ በሞተርና በበርሜል ውሃ ለሦስት ሰዓት ተሠራ። 14 ፓኔል ስላልነበረ በጀነሬተር ነው የተሞከረው፤ የሶላር መስመሩ ሙሉ ሙከራ እዚያው ይደረጋል። በሳጥኑ ክዳን ውስጥ፣ በማይለቅ ቀለም በአማርኛና በዓረብኛ ተጽፏል፦ በአንድ መስመር 14 ፓኔል፣ ከዚያ በላይ አይጨመር።

ሳጥን ሦስት ገና አልተዘጋም። ከ36 ኢንች ቱቦ ቁልፎቹ የአንዱ ጥርስ ተበልቷል፤ ቶርኖ ቤት ነው። የንድፉ መልስም አልመጣም። ሁለቱ ሳይገቡ መኪናው አይነሳም።